ማሻአላህ ያላልኩበት ፎቶ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድሬዳዋ ልጅ ሳለን አሮጊቶቹ «ዓይን በላው» «ጥላ ወደቀበት» ሲሉ አፌን ሸፍኜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እናቴ ጨው በራሴ ላይ አዙራ እሳት ውስጥ ስትጨምር እንኳ «ለወጥ አይሻልም ነበር እማዬ?» ብዬ የምቀልድ። ደግሞ ይህን መሰል ወሬ የሚያወራ ሰው ሁሉ ነገሩ የሆነው ሌሊት ነው ይላል፣ እኔም እንቅልፍና ጨለማ አምታተውት ነው ብዬ አልፈው ነበር። የእኔው የሆነው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ጅቡቲ ሱቁን ዘግታ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ፣ ሴቷ ምንጣፍ ላይ ጋደም ስትል ነው። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አልነበረብኝም፣ እመኑኝ።

ስለ ሂክማ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ሂክማና እኔ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ሰፈር አንድ ግንብ ተጋርተን ያደግን ነን፣ ጅቡቲም የመጣነው በአንድ ዓመት ነው፣ እኔ ከከተማው ዳር ፔካ 12 የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግን ሰው አግብቼ፣ እሷ ጨርቅ የሚያስመጣ ነጋዴ አግብታ። እኔ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ፣ እሷም እዚያው ካርቲየ 5፣ ከእኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ፎቅ ላይ። ሰው ሲጠይቀኝ እህቴ ናት እላለሁ። ውስጤን ብትጠይቁት ግን ሌላ ነው የሚላችሁ፣ ምን እዋሻለሁ፣ እቀናባት ነበር፣ ያውም እህል በሚዘጋ ቅናት።

ያባሰብኝ ስልኩ ነው። ሂክማ የሄደችበትንም የዋለችበትንም ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች፣ ኢስታንቡል ድልድይ ላይ ነፋስ ሻሿን ሲገፋው፣ ሐረር የጀጎል በር ሥር፣ ቤቷ ስትሆን ደግሞ አዲሱ መጋረጃ፣ በረንዳዋ ላይ ያለችው የሪሃን ተክል፣ ሁሉም ይለጠፋል። ከሥሩ ደግሞ ሐሳብ ትጽፍበታለች፣ «ሰው የሚሄደው ሊመለስ ነው»፣ «ቤት ማለት የሚጠብቅሽ ሰው ያለበት ነው»፣ እንዲህ እንዲህ እያለች። ትምህርት ቤት ድርሰት ስንታዘዝ ከእኔ ደብተር ትገለብጥ የነበረች ልጅ ናት እንግዲህ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» እጽፍላታለሁ። የእኛ ሰው የሌላው ነገር ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ማሻአላህ ሳይል አያልፍም፣ ያየው ዓይን ያየውን እንዳይጎዳው ነው። እኔ ግን አምኜበት አልነበረም የምጽፈው፣ ሳይጽፍ የቀረ ሰው ስሙ ስለሚነሳ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ጅቡቲ እሳት ናት። አቅም ያለው ቤተሰቡን ወደ ድሬ፣ ወደ ሐረር ያወጣል፣ ድሬም ብትሆን የምትበርድ ሆና አይደለም፣ ከዚህ ግን ትሻላለች። የቀረነው ደግሞ የሄዱትን ሰዎች ቁልፍ እንይዛለን። ሂክማም ያን ዓመት ቁልፏን ለእኔ ሰጠችኝ፣ መስኮት እንድከፍት፣ ሪሃኗን እንዳጠጣ፣ ቧንቧውን እንዳፈስ። «ቤትሽ ነው አቦ፣ ገብተሽ እረፊ» አለችኝ። ክሊማውን፣ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ማለቴ ነው፣ አብሪ አላለችኝም፣ አታብሪም አላለችኝም፣ አበራሁት። በሦስተኛው ቀን ቁምሳጥኗን ከፈትኩ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰማያዊ ድሪያዋን ለብሼ መጅሊሷ፣ የወለል ፍራሿ ላይ ጋደም ማለት ጀመርኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፣ እኔን ግን አድምቆኝ ነበር፣ በመስታወቷ ውስጥ ሳየው ቤቱ የእኔ ነበር የሚመስለው።

ያን ዕለትም እንደ ልማዴ ጋደም ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ሂክማ የለጠፈችው ድሬ ያለውን የእናቴን ቤት ነው። እናቴ ትራስ ላይ ተቀምጣለች፣ ሂክማ ቢጫ ለብሳ እግሯ ሥር ቁጭ ብላለች፣ እናቴ አጎንብሳ ፀጉሯን በቅባት እያሸች ሹሩባ ትሠራታለች። እኔ እናቴን በአካል ካየኋት አራት ዓመት አልፎኛል፣ ባዶ እጄን አልሄድም እያልኩ፣ በየዓመቱ ሻይና ሳሙናውን በሂክማ እጅ እየላክሁ። ከሥሩ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? «የእናት እጅ ያለበት ቤት ሁሉ ቤቴ ነው።» ሰዉ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ብሎ ሞልቶታል። እኔም ጻፍኩ። ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፋሁት። ይቅርባት አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ቀጥዬም «የእኔ ቦታ ነው፣ ተነሺ» አልኳት።

ክሊማው ጠፋ። መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ የኮሪደሩ አምፖል በርቷል። ከዚያ ከመኝታ ቤቱ በኩል የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ አንዱን እግር ረገጥ፣ ሌላውን ጎተት፣ ረገጥ፣ ጎተት። ከላይኛው ቤት ነው አልኩ፣ ላዩ ላይ ግን ቤት የለም፣ ጣራና የውሃ ታንከር ብቻ ነው። እናቴ ድሮ ከወደቀች ወዲህ ቀኝ እግሯን እንዲያ ነው የምትጎትተው። ብቻ ይህን ያሰብኩት ቆይቼ ነው፣ ያን ጊዜ ቀድሞ የመጣብኝ ሽታው ነበር፣ የሰሊጥ ዘይትና ቅርንፉድ፣ እናቴ ራሷ የምታፈላው የፀጉር ቅባት። በሂክማ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቅባት የለም፣ መሳቢያዋን ሁሉ ስለበረበርኩት አውቃለሁ።

ወደ ስልኬ ተመለስኩ። እናቴ ቅድም አጎንብሳ የሂክማን አናት ነበር የምታየው፣ አሁን ቀና ብላ እኔን ታያለች። ቪዲዮ ይሆናል ብዬ በጣቴ ነካካሁት፣ ፎቶ ነው። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ገለጥኩ፣ ይህን ያህል ብቻ፣ ትንፋሽ እንኳ አልሳብኩም። ስገልጠው ከመስጊዱ የዐስር አዛን ይሰማል፣ ክሊማው ሠርቷል፣ ሽታውም የለም። ከስምንት ተኩል እስከ ዐስር አዛን ያለው ጊዜ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድሪያውን አውልቄ፣ የራሴን ለብሼ፣ ሻሼን ጠምጥሜ ወረድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ሽማግሌው አባባ አደን አሉ፣ ሶማሌ ናቸው፣ አማርኛውን ፔካ 12 ከሾፌሮች ነው የለቀሙት። ሲያዩኝ ጉንጫቸውን በጫት እንደሞሉ ቀሩ።

«አንቺ መቼ ተመለሰ?»

«የት ሄጄ አባባ? ቅድም ሰላም ብዬዎት ገባሁ እኮ።»

«ግባሽን አየሁ። ከዚያ ወጣሽ፣ ሰማያዊ ለብሶ። ሰላም አልኩ፣ ዝም። ስትመለሺ አላየሁም፣ ወንበሬ እዚህ ነው።»

ጫቱ ነው ብዬ ሳቅኩ፣ በልቤ ተሳደብኩም። ደግሞ ሰማያዊውን እንዴት አወቁት፣ እኔ በዚያ ልብስ ከክፍሉ ወጥቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ሻሼን ለማስተካከል እጄን ወደ ኋላ ስሰድ ጣቴ የሆነ ነገር አገኘ። ጠዋት ፀጉሬን እንዲያው ጠቅልዬው ነበር የወጣሁት። ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ አንዲት ሹሩባ፣ ቀጭን፣ ጥብቅ ያለች፣ ጫፏ በቅባት የረጠበ። ጣቴን አሸተትኩት፣ ቅርንፉድ ነው።

እዚያው አንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ፣ ይህን እወቁልኝ፣ የመንደሩን ሁሉ ስልክ ቁጥር በቃሏ የያዘች ሴት ናት፣ የምትዘባርቅ አይደለችም።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ በሰላም ገባሽ?»

«የት ነው የምገባው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ተነስተሽ ሄድሽ አይደል። ስትገቢም ሰላም አላልሽ፣ ሂክማን ገፋ አድርገሽ እግሬ ሥር ተቀመጥሽ። አንዷን ሠርቼልሽ ሁለተኛዋን ሳልጀምር ተነሳሽ። ድምፅሽን ደግሞ ቀንሺው፣ ሂክማ ከዚያ ወዲህ ራሷን ይዛ ተኝታለች።»

«ሂክማ አየችኝ?»

«ማንም አልነበረም ትላለች። እኔ ልጄ ትጠፋኛለች? በሚቀጥለው ሰላም ብለሽ ግቢ።»

ስልኩን ዘግቼ ማሻአላህ ልጽፍ ገጿን ከፈትኩት፣ ፎቶው ተሰርዟል። ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። እኔ ማሻአላህ የነፈግኩት ሂክማን ነበር፣ ፎቶው ውስጥ ግን እናቴም አለች። ሁለቱንም ነው የነፈግኩት። ያቺን ሌሊት እስኪነጋ እናቴ ጋ እየደወልኩ፣ ደህና ነሽ ወይ እያልኩ፣ ሴትዮዋን እንቅልፍ ነሳኋት።

ሂክማ ነሐሴ መጨረሻ ተመለሰች። ከስታለች፣ ራስ ምታቱ መጣ ሄድ ይላል። ቁልፏን ስመልስላት ተቀበለችኝ፣ ድሪያው ተነክቷል አላለችም፣ ክሊማውን አላነሳችም፣ ሻሼን ብቻ አየችው። ዘንድሮ ቁልፉን የያዘችው ሌላ ሴት ናት። ፎቶ መለጠፉን አልተወችም፣ ብቻ አሁን ከማንም በፊት ማሻአላህ የምትጽፍበት ራሷ ናት።

በተመለሰችበት ቀን ማታ ግን አንድ ፎቶ ለብቻዬ ላከችልኝ፣ ከሥሩ «ይህን አልለጠፍኩትም፣ ከዚያኛው ቀጥሎ የተነሳ ነው» ብላ። በጣት ካልነኩት እንደደበዘዘ የሚቀር ዓይነት ነው፣ ታውቁታላችሁ። አልነካሁትም። በብዥታው ውስጥ ከታች በኩል ሰማያዊ ነገር አለ፣ የእናቴ ትራስም ሰማያዊ ነው፣ ሊሆን ይችላል። ሹሩባዋንም አልፈታኋትም፣ ስታጠብ እንኳ እየተጠነቀቅኩላት እኖራለሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር ሁለተኛዋን መቼ ልሥራልሽ ትለኛለች፣ እኔም ኢንሻአላህ እላታለሁ።

ፎቶው ዛሬም ስልኬ ውስጥ ነው። ራሴን እዚያ ውስጥ እንዳላየው የፈራሁ ይመስላችኋል፣ እሱንም እፈራለሁ። ግን እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ፣ ጣቴን ሳስጠጋ የሚመልሰኝ ሌላ ነው፣ ከፍቼው እናቴና ሂክማ ብቻቸውን ቢሆኑስ?