ቀያሹ የመረጠው ሞተር

ክብሪት የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የጋራዡ ባለቤት አጎቷ ናቸው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ጋራዡ ውስጥ የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ብትሆን በዚያኛው ቢጠሯት ቶሎ ዞር አትልም። ሞተር ማውረድና ሞተር መግጠም ሥራዋ ነው። ቱግ ማለት ደግሞ አብሯት የተፈጠረ ነው፤ የላላ ብሎን አይታ የምትቆጣ፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን አይታም የምትቆጣ ሰው ናት።

ቀያሹን ያወቀችው አሮጌ መኪናውን በገመድ አስጎትቶ የመጣ ዕለት ነው። ሥራው መሬት መለካት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ የሰው ድንበር ሲያሰምር ይውላል። መኪናዋ ከአባቱ የቀረችለት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ በኋላ ጎማዎቿ እየተገፋች የምትሄድ ነጭ መኪና ነበረች። ክብሪት ኮፈኑን ከፍታ ጎንበስ አለችና ሞተሩ መሰንጠቁን፣ ከእንግዲህ ሌላ ሞተር ካልገባላት ጥገና እንደማያድናት ነገረችው። ሰውየው ዘመድ የሞተበት ይመስል አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል አስተያየት ነበር። ክብሪት መፍቻዋን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋት፤ ለካ በእጇ ይዛዋለች። በዚህም ተናደደች።

ጋራዡ ጓሮ ውስጥ ለዚያች መኪና የሚሆኑ ሦስት ሞተሮች ነበሩ። አንዱ ያው የድሮው ዓይነት ነው፤ ደካማ፣ አቀበት ላይ የሚያቃስት፣ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ። ሁለተኛው ከጭነት መኪና የወረደ ናፍጣ ነው። ጉልበት አለው፤ ግን ከባድ ነው፣ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋዋል፣ እሱን ለማስገባትም ሞተር የሚሸከመውን የፊት ብረት መቁረጥ ግድ ይላል። ሦስተኛው ከነካምቢዮው፣ ከነማርሽ ሳጥኑ፣ የመጣ አዲስ ቢጤ ቤንዚን ነው፤ ቀላል፣ ያለ ብዙ ጣጣ የሚገባ። ክብሪት የመጀመሪያውን ሞተር በጫማዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ «ይሄንንስ ተወው» አለችው። ልኩ ሦስተኛው ነው አለች። ቀያሹም ልክ ነው አለ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ በጋራዡ በኩል ማለፍ ልማዱ ሆነ። ጫማው አቧራ እንደለበሰ ይመጣል፣ ስለ ሞተር ይጠይቃል፣ እሷም ስለ ሞተር ትመልሳለች፤ ሁለቱም ግን ጨዋታው ስለ ሞተር ብቻ እንዳልሆነ ያውቁታል። አንድ ቀን ጉልበቱ ከሞተሩ ተነሥቶ የኋላ ጎማ ድረስ በምን እንደሚሄድ ጠየቃት። ካርቶን አንጥፋ መኪናዋ ሥር አስገባችው፣ ራሷም ከጎኑ ተንጋለለች፤ ከካምቢዮው ጀምራ ረጅሙን ዘንግ በጣቷ እየተከተለች እስከ ኋላ አሳየችው። ትከሻቸው ተነካክቶ ነበር። ማብራሪያው ካለቀ በኋላም አንዳቸውም አልወጡም። አንዲት የዘይት ጠብታ ግንባሩ ላይ ስታርፍ ክብሪት በእጇ ጠረገችለት፤ ይባስ ብላ አጠቆረችው። ሳቁ። ሳቃቸው ሳያበቃ ይህን ሰው እንደምትወደው ገባት።

አንድ ነገር ብቻ አንጀቷን ያሳርራት ነበር። ሰውየው አይወስንም። በሦስተኛው ሞተር ተስማምቶ ይሄድና በማግሥቱ «እትዬ ናፍጣ ይሻላል ትላለች» ብሎ ይመጣል። እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ትምህርቱንም፣ ሥራውንም፣ የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር የመረጠችለት እሷ ናት። ክብሪት ትቆጣለች፣ እንደገና ታስረዳዋለች፣ እሱም «ልክ ነሽ» ይላል። ስለ እኔ ለእህትህ ነግረሃታል ወይ ብላ ስትጠይቀውም መልሱ «እነግራታለሁ» ነው። የሰው መሬት ላይ ድንበር ሲያሰምር የሚውል ሰው በራሱ ኑሮ ላይ አንዲት መስመር ማስመር እንዴት ያቅተዋል እያለች መፍቻዎቿን ታንኳኳለች።

አጎቷ ደግሞ የማይሻር ደንብ ነበራቸው። ለሞተር ተብሎ የመኪና ብረት የሚቆረጥ ከሆነ፣ የሚቆረጥበትን ቦታ በጠመኔ የሚያሰምረው ባለቤቱ ራሱ ነው። ብረት ከተቆረጠ በኋላ ሳላውቅ ቆረጣችሁብኝ ከሚል ሰው ጋር መነታረክ ሰልችቷቸዋል።

እትዬ ጋራዡ ድረስ የመጣችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ወንድሟ ከኋላዋ ነበር። ከመኪናዋ ይልቅ ክብሪትን ሽቅብ ቁልቁል አየቻት፤ ቱታዋን፣ ጥፍሯን፣ በጨርቅ ያሰረችውን ፀጉሯን። ከዚያ ናፍጣው እንዲገባ መወሰናቸውን ለክብሪት አጎት ነገረቻቸው። ናፍጣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጎረቤታቸውም አስገብቶ ደስተኛ ነው፣ ሌላ ወሬ አያስፈልግም።

ክብሪት ንዴቷን ዋጥ አድርጋ በአክብሮት ለማስረዳት ሞከረች። ሞተሩ ለዚች መኪና ይከብዳል፣ የፊት ስፕሪንጎቿ አይችሉትም፣ መሪዋ እጅ ይሰብራል፣ ደህና ብረቷም በከንቱ ይቆረጣል አለቻት።

«ሞተር የምትመርጪለት መስሎኝ ነበር» አለች እትዬ፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሣ። «ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሜ የነገሩትን ሁሉ እሺ ይላል፤ እሺ ስላለሽ የወደደሽ እንዳይመስልሽ።»

ክብሪት ወደ ቀያሹ ዞረች። የምትጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ሞተሩስ የፈለገው ይሁን፤ «እትዬ፣ እንዲህ አትበያት» ቢል ይበቃት ነበር። እሱ ጫማውን ያያል።

አጎቷ ጠመኔውን አቀበሉት። ተቀብሎ ይዞት ቆመ። እትዬ ጥቂት ጠበቀችና ጠመኔውን ከእጁ ወሰደች፤ የት ጋ እንደሆነ ጠይቃ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና ነጩን መስመር እሷው አሰመረችው። ከዚያ እጇን አራግፋ ጉዳይ አለብኝ ብላ ሄደች። የክብሪት አጎት ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንቡ ባይጠበቅም የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን አገባን አሉ።

ክብሪት መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወደ ጓሮ ወጣች። ደሟ ፈልቶ ነበር። ቀያሹ ተከትሏት መጣና አንድ ነገር ልንገርሽ አላት።

«አትንገረኝ። የምትናገረው ቅድም ነበር» አለችው። «እህትህ ስትሰድበኝ ጫማህን ታይ ነበር። ጫማህ ላይ ምን ተጽፎበታል? ሴት ልጅ ሞተር አትነካም ያለኝን ወንድ ሁሉ መልስ አሳጥቼ የሸኘሁ ሰው ነኝ። ላንተ ግን ምን ብዬ ልመልስ? ምንም አላልክማ።»

ቀያሹ ፊቱ ተለዋወጠ። ሲቆጣ አይታው አታውቅም ነበር።

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለ። «እትዬ አልጠየቀችኝም። አንቺስ ጠይቀሽኛል? ገና በመጣሁበት ቀን ‹ልኩ ይሄ ነው› አልሽኝ። እኔ የፈለግኩትን በእግርሽ ገፋ አድርገሽ ‹ተወው› አልሽኝ። እሷ ናፍጣ ትላለች፣ አንቺ ቤንዚን ትያለሽ፣ እኔ መሐል ቆሜ አሸናፊዋን እጠብቃለሁ። እሺ ማለት የለመድኩት ሌላ መልስ ማንም ስለማይሰማኝ ነው። ቅድም ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ነው። እሱ ጥፋቴ ነው።»

ክብሪት አፈረች፤ ማፈሯም እንደገና አበሸቃት።

«የትኛውን ነው የምትፈልገው?» አለችው በመጨረሻ።

«የድሮውን።»

«አቀበት ላይ ያቃስታል እኮ።»

«ያቃስት። ልጆች ሆነን አቀበቱ ሥር ስንደርስ አባቴ አስቀድሞ ማርሽ ይቀንስና ዝም በሉ ይለን ነበር። እትዬም ሳትቀር ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ጫፍ ስንደርስ ነው ሁሉም የሚስቀው። እኔ ፈጣን መኪና አላማረኝም፤ ያችው መኪና ናት የናፈቀችኝ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺንም እፈልጋለሁ። ይሄን ማንም አልመረጠልኝም።»

ክብሪት ፊቷን አልፈታችም። ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእህትህ ተናገር አለችው። ቀያሹ ስልኩን አወጣና እዚያው ፊቷ ደወለ።

«እትዬ፣ ናፍጣው ይቅር። አይ፣ ቤንዚኑም አይደለም፤ የድሮው ዓይነት ነው የሚገባው።» አዳመጠ። «እሷ አልመከረችኝም፤ ይኸው አጠገቤ ቆማ እየተቆጣችኝ ነው።» እንደገና ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ፤ ውለታሽ አይጠፋኝም። ቅድም ያልሻት ግን ልክ አይደለም። የማገባት እሷን ነው።»

የእህቱ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለክብሪትም ይሰማት ነበር። ቀያሹ ፊቱ ገርጥቶ እስከ መጨረሻው አዳመጣት፤ ማታ ቤት መጥቼ እናወራለን አላትና ዘጋ። ክብሪት እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ ግን ንዴቷ ቀደማት።

«የማገባት?» አለችው። «እኔን ሳትጠይቅ ለእህትህ ትናገራለህ?»

«ልጠይቅሽ ነው።»

«ዛሬ አትጠይቀኝ። ዛሬ ተናድጃለሁ።»

ንዴቷን ደግሞ በሞተሩ ላይ ተወጣችው። እዚያው ጓሮው ጥግ ወስዳ ያንን አሮጌ ሞተር እያሳየች ጉዱን አንድ በአንድ ነገረችው። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ቢበላሽ ምትክ የለውም አለችው። ፈልጌ አገኛለሁ አላት። ዘይት ይጠጣል አለችው። እጨምርለታለሁ አላት። ከኋላህ የሚመጣው መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ይሰድብሃል አለችው። ይስደበኝ አላት። ድምጿ ከፍ እያለ ሲሄድ አጎቷ በበሩ ብቅ ብለው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና ተመለሱ። በሥራ ዘመኗ ካየችው ምርጫ ሁሉ የከፋው ይሄ መሆኑን ነገረችው፤ ደግሞም ከልቧ ነበር። ቀያሹ ሰማት፣ ልክ ሊሆን እንደሚችልም አመነላት።

«ግን እሱ ይግባ» አለ።

ክብሪት ተጨማሪ ምክንያት ፈለገች፣ ነበራትም። ግን ተወችውና አየችው። ሰውየው ላብ አጥምቆታል፣ ድምፁ ሰልሏል፣ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ከተናገረው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው።