ያልተዘጋው መስመር

በዞራም ምድር ድልድይ ከመውደቁ በፊት ያለቅሳል። የኡርባ ገደል ድልድይ ሲያለቅስ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ይይዝ ነበር፤ ናሬት ግን ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ «ምን ሆነህ ነው?» ትለው ነበር። «ለምን?» ሳትል የማትውል፣ ሲመልሱላት ደግሞ «እሺ፣ እሱስ ለምን?» የምትል ልጅ ነበረች።

ከዚያ ድልድዩ ተንዶ ገደል ገባ። ከገደሉም ጥቁር ጉም ተነሣ፤ የነካውን ሁሉ አመድ እያደረገ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። በማዶ ባለው ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ መሸሻ ካጡ ሰዎች መካከል የናሬት ታናሽ እህት ሲልዋ ነበረች።

ንጉሥ አርዳሜን በአደባባይ ቆመ። «የዞራም ቤቶች ሆይ! እያንዳንዱ ቤት ለክብሩ የሚመጥን ድንጋይ ያምጣ! ከወደቀው የከበደ ድልድይ እንሠራለን!»

ወጉ እንዲህ ነበር። የቤት ክብር የሚለካው ድልድዩ ላይ ባኖረው ድንጋይ ክብደት ነው። ድልድይ በወደቀ ቁጥር ድንጋይ ይጨመራል፤ በተጨመረ ቁጥርም ይወድቃል።

«ንጉሥ ሆይ፣ የወደቀው ከብዶት ቢሆንስ?» አለች ናሬት።

«ምላሷ!» አሉ መኳንንቱ።

«አንቺ በምን ልትሠሪው ነው? በላባ?» አለ ንጉሡ።

«ገና አላወቅሁም። ግን ቀጭን ሠርታ የማይወድቅባትን አውቃለሁ። በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ፣ ሸረሪቷን ሸርማን ሳልጠይቅ አልመለስም!»

አብሯት የሄደው ጉምዛ ብቻ ነበር፤ ከቋጥኝ-ለበሶች ዘር የቀረ የመጨረሻው ግዙፍ። ቋጥኝ-ለበስ ከተቀመጠ ሥር ሰድዶ ተራራ ስለሚሆን ጉምዛ የሚተኛው ቆሞ ነበር። በመንገድ ላይ ተራራ ሲናድባቸው በትከሻው ደግፎ ያዘው። ናሬት ከሥሩ ሾልካ ስታበቃ ዞር ብላ፣

«ጋሼ ጉምዛ፣ ስንት የድልድይ ድንጋይ ድረስ ትችላለህ?»

«አንቺ ቀበጥ፣ አሁን ይጠየቃል? ሃያ! በይ ሩጪ!»

ሸርማ ድሯን በሁለት ተራሮች መካከል ዘርግታ ተቀምጣለች። «ስንቱ ክሬን ሊሰርቅ መጣ፤ አንቺስ?»

«እኔ እንኳ ልጠይቅሽ ነው። ይሄ እንዴት አይበጠስም?»

ሸረሪቷ ስምንት ዓይኖቿን አፈጠጠችባት። «እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለችና የብር ክር ቆርጣ ሰጠቻት። «ክብደት ሁሉ መስመር ነው። ከባዱን ረጅም፣ ቀላሉን አጭር አድርገሽ ወደሚገፋበት አቅጣጫ በዚህ ክር ጫፍ አሸዋ ላይ ሣዪ፤ አንዱ ካበቃበት ሌላውን ጀምሪ። መደገፊያዎቹ የሚመልሱትን ግፊትም አትርሺ። ዞረሽ ከተነሣሽበት ነጥብ ከገጠምሽ መስመሩ ይበራል፤ ያሰብሽው ይቆማል። ካልገጠምሽ ይወድቃል።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ቀላል ከመሰለሽ ሞክሪው።»

ናሬት ኡርባ ስትመለስ ጉሙ የገደሉን ወገብ አልፎ ነበር። ክሩን በሁለት ምሰሶ መካከል አንጠልጥላ ጠጠሮች አሰረችበት፤ ክሩም ረግቦ ጎበጠ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በእግሮቿ መካከል አሾልቃ አየችው። መኳንንቱ በኀፍረት ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን ጮኸች፦ «ተገልብጦ ቅስት ሆነ! በዚህ ቅርጽ ነው የምንሠራው!»

አሸዋው ላይ ሣለች። አልገጠመም። ቅስቱን ከፍ አደረገችው፤ ክፍተቱ አጠረ። ገረማት! ድንጋዮቹን አቀለለች፤ ይበልጥ አጠረ።

«የቤቴ ድንጋይ ይጠረባል?» ብሎ አንድ መኰንን ሰይፉን ጨበጠ።

ንጉሡ መዶሻ አንሥቶ የራሱን ቤት ድንጋይ ለሁለት ከፈለ። «ክብሬ ማዶ ካሉት ልጆች አይበልጥም» አለ። መኰንኑም ሰይፉን ትቶ መዶሻ አነሣ።

አንድ መስመር ግን ጎደለ። በዚህ በኩል ያለው ገደል ስንጥቅ ስለሆነ የቅስቱን ግፊት መመለስ አይችልም። ድንጋይ ቢከመርበት ክምሩም አብሮ ይንሸራተታል፤ ሥር የሰደደ ደጋፊ ያስፈልጋል። ናሬት የጎደለውን በስንዝር ለካች። እጇ ቆመ።

«ስንት ድንጋይ ነው?» አለ ጉምዛ።

ናሬት ክሩን በጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስትጠይቂኝ መልሼልሻለሁ።»

«ሃያ» አለች። «ጋሼ፣ እንደገና ልሣለው። ተሳስቼ ይሆናል።»

እንደገና ሣለችው። አልተሳሳተችም።

«ቆሜ መተኛት ሰልችቶኛል» አለ ጉምዛ። ጀርባውን ለስንጥቁ፣ ደረቱን ለገደሉ ሰጥቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አሸዋው ላይ ያለው መስመር ገጠመና በራ።

ድንጋዮቹ በእንጨት ድጋፍ ላይ ተደረደሩ። እንጨቱ ሲነሣ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ቅስቱ ዝም አለ። የማዶ ሰዎች እየሮጡ ተሻገሩ፤ ጉሙ ሜዳቸውን ሲውጠው አንድም ሰው አልቀረበትም።

ድልድዩ አላለቀሰም። ያለቀሰችው በተራራው ጉልበት ሥር የተቀመጠችው ናሬት ነበረች።

ሲልዋ መጥታ እጅጌዋን ጎተተች። «ለምን ታለቅሻለሽ?»

ናሬት አፍንጫዋን ጠረገችና ክሩን አነሣች። «ነይ፣ አሸዋው ላይ ላሳይሽ» አለቻት። «ከጋሼ ጉምዛ እንጀምራለን።»