ለሬሳ የተሰጠ ነጥብ

ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሙዚቀኞች ይነታረካሉ። አንደኛው፣ «ዘፈን ካስጨረስክማ ሰዉ ወንበሩ ትዝ ይለዋል» ሲል ሰምታዋለች። ሌላኛው ሳቀና፣ «እኔ እንኳን በሕይወት እያለሁ...» ብሎ ጀመረ። አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰው ተጋፍቶ ወረደ። ቀሪውን አልሰማችም፤ መልካቸውንም አታስታውሰውም። ያኔ ገና ዩኒፎርሙ የሰፋት ጀማሪ ፖሊስ ነበረች።

ዛሬ ኢንስፔክተር ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ጆሮ» ይሏታል። ሐሙስ ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ላይ የተጠራችበት የሰርግ አዳራሽ ገና ከበሩ ያቅለሸልሻል፦ የጠወለገ አበባ፣ የፀጉር ቅባት፣ የፈሰሰ መጠጥ ያጣበቀው ወለል። መሐል ባለው ጠረጴዛ ላይ ለቅምሻ የቀረቡ አምስት ዓይነት ኬኮች ተደርድረዋል፤ ክሬማቸው ላይ ዝንብ ይራመዳል። የሙሽራዋ እናት ሦስተኛውን በሹካ እየቆረሱ ነበር።

«ሰውየው እላይ ነው» አሉ፣ በሹካቸው ወደ ሰገነቱ እያመለከቱ። «ሰርጋችን የፊታችን ቅዳሜ ሳምንት ነው። አዳራሹን ታሽጉብናላችሁ እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ላይ ወጣች።

ዲጄው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ከላፕቶፑ አጠገብ ደፍቷል። የማይክሮፎን ገመድ አንገቱ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሟል። ጆሮ ማዳመጫው አሁንም ጆሮው ላይ ነው፤ ከኋላው የመጣውን ሰው አልሰማም። ኢንስፔክተሯ ዓይኑን ከደነችለትና በልቧ አጭር ጸሎት አደረሰች። ከታች ሹካው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ይሰማታል።

የአዳራሹ ኃላፊ ተከትሏት ወጥቶ ነበር። ፊቱ ነጥቷል።

«ስሙ ማን ነው?»

«ሁሉም ሰው መቀስ ነው የሚለው። ዘፈን አያስጨርስማ! ግማሽ ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ለጭፈራ ግን የሚያህለው የለም።»

«ዛሬ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ሊመረጥ። ቤተሰቡ ሁለት ዲጄ ጠርቶ ነበር። ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይጫወታሉ፤ እነሱ እታች ቁጭ ብለው ለእያንዳንዱ ዘፈን ከዐሥር ነጥብ ይሰጣሉ። የሰገነቱ መጋረጃ የተዘጋው ለዚህ ነው፤ በመልክ እንዳያደሉ፣ በጆሮ ብቻ እንዲፈርዱ። መቀስ ስምንት ተኩል ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራው የቀጭኔ ነበር። ወጣ፤ ወዲያው ጩኸቱን ሰማን።»

ወደ ሰገነቱ ሁለት ደረጃዎች ይወስዳሉ። የፊተኛው ከአዳራሹ ይነሣል፤ የኋለኛው ከወጥ ቤቱ በር ትይዩ ካለው ኮሪደር።

ሁለተኛው ዲጄ፣ ቁመቱ «ቀጭኔ» ያሰኘው ወጣት፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ኢንስፔክተር፣ ስወጣ ዘፈኑ እየሄደ ነበር! ትከሻውን ነካሁት፣ ዘመም አለ...»

«ትጣሉ ነበር?»

«በሥራ እንናቆራለን። ‹አንተ የሰርግ መቅሰፍት› ይለኛል፣ እኔም ‹አንተ ልብስ ሰፊ› እለዋለሁ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የት ነበርክ?»

«ከኃላፊው ጋር ስፒከሬን ከመኪና ሳወርድ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ እስኪሆን አልተለያየንም።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለእትዬ፣ ለሙሽራዋ እናት፣ ኬክ ላቀብል ወጥ ቤት በር ድረስ ሮጬ ተመልሻለሁ። የሁለት ደቂቃ ነገር ነው።»

«እና መቀስ ሲመጣ እንዴት ነበር?»

ቀጭኔ አሰበ። «ደኅና ነበር። ሙሽራውን በሩ ላይ አገኘውና፣ ‹ወንድሜ፣ አንተን ግን የት ነው የማውቅህ?› አለው። ሙሽራው፣ ‹መልኬ የብዙ ሰው መልክ ነው› ብሎ ሳቀ።»

ሙሽራው ሽቶው ከሦስት እርምጃ ይቀድመዋል። ኢንስፔክተሯን እንዳየ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነው።

«ምስኪን! አሁን ለዘጠኝ ዐሥር ጉዳይ ላይ አናግሬው ነበር እኮ። በፊተኛው ደረጃ ወጥቼ ‹ቀይ መኪና› የሚለውን ዘፈን ጋብዘኝ አልኩት። ‹ለአንተማ!› አለኝ። እንደወረድኩ ለቀቀልኝ። ሁሉም ሰምቷል።»

«ከዚያ በፊትስ ከጠረጴዛው ተነሥተሃል?»

«ስልክ ላወራ ትንሽ ወጣ ብዬ ነበር። ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ አይደለም? በሕይወት ትቼው ወረድኩ፤ ከእኔ በኋላ የወጣው ያ ረጅሙ ነው።»

በዚያው ምሽት ቀጭኔ ጣቢያ አደረ። የሙሽራው ቃል ካልተሰበረ ክስ ይመሠረትበታል።

ኢንስፔክተሯ ሙሽራዋን ለብቻዋ ያነጋገረቻት በልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው። ልጅቷ የነጥብ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች አፈር መስላ ተቀምጣለች።

«መቀስን ማን መረጠው?»

«እኔ። ሙሽራዬ ‹ከእሱ በቀር ማንንም ጥሪ› ብሎኝ ነበር። ‹ሲጫወት ሰምተኸዋል?› አልኩት፤ ‹በፍጹም› አለኝ። ሰምቶት የማያውቀውን ሰው ምን አስጠላው ብዬ ገረመኝ፤ ጠራሁት። እኔ ባልጠራው...»

«አንቺ አልገደልሽውም። ወረቀቱን እስቲ ልየው።»

ሙሽራዋ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን አስተያየት የምትጽፍ ጥንቁቅ ልጅ ናት። ዐሥር ዘፈኖች መዝግባለች። ከመጀመሪያዎቹ አራት ጎን «ቆረጠው» ይላል። ከአምስተኛው እስከ ዐሥረኛው ግን «ሙሉ»፣ «ሙሉ»፣ «ሙሉ»... የእናትየው ወረቀት አስተያየት የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሦስት ሦስት ሰጥተዋል። አምስተኛውና ስድስተኛው ባዶ ናቸው። ከሰባተኛው ጀምሮ ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዐሥር።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ቆየች። ከሃያ ዓመት በፊት አውቶቡስ ውስጥ ሳይጨረስ የቀረው ንግግር ትዝ አላት፤ «እኔ እንኳን በሕይወት እያለሁ ዘፈን አላስጨርስም» ሊል ኖሮ ይሆን?

በማግሥቱ አርብ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ያንኑ ጠረጴዛ አስከበበቻቸው፦ እናትየውን፣ ሙሽራዋን፣ ሙሽራውን፣ ኃላፊውን፣ ከጣቢያ የመጣውን ቀጭኔን። ኬኩን ማንም አላነሣውም፤ ክሬሙ ቢጫ ሆኖ ወርዷል።

«መቀስ ዘፈን አስጨርሶ አያውቅም» አለች። «ትናንት ግን ከአምስተኛው ዘፈን ጀምሮ ስድስት ዘፈኖች እስከ ጫፋቸው ተሰሙ። እትዬ፣ እርስዎ ወደዱለት።»

«በመጨረሻ አደብ ገዛ ብዬ ነው!» አሉ እናትየው።

«ሞቶ ነው። ከፍተኛውን ነጥብ የሰጡት ለሬሳ ነው።»

ቀጭኔ አፉን በእጁ ከደነ።

«ላፕቶፑ በራሱ እንዲያጫውት ተደርጓል። ስድስቱ ዘፈኖች በፊደል ተራ ነው የመጡት። ‹ቀን ወጣልን›፣ ቀጥሎ ‹ቀይ መኪና›፣ ቀጥሎ ‹ቀጠሮ›። ማንም ቢጋብዝ ባይጋብዝ ተራው የ‹ቀይ መኪና› ነበር። አራቱ የተቆረጡ ዘፈኖች የወሰዱት ስምንት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሞተው ስምንት ሰዓት ከአርባ ሳይሞላ ነው። በዚያ ሰዓት ቀጭኔ ከነስፒከሩ መኪናው ጋ ነበር። ሙሽራዋ እንደነገረችኝ፣ በአራተኛው ዘፈን ላይ ‹ስልክ ላወራ› ብሎ ከዚህ ጠረጴዛ የተነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሙሽራው ፈገግ አለ። «እኔ ለዘጠኝ ዐሥር ጉዳይ ሳናግረው...»

«ሬሳ ነው ያናገርከው። መጀመሪያ በኋለኛው ደረጃ ተደብቀህ ወጣህ፤ ዳግም በፊተኛው የወጣኸው በሁሉም ፊት ለመታየት ነው። አጠገቡ ቆመህ፣ በትከሻው ላይ አሻግረህ፣ ቀጣዩን ዘፈን ከላፕቶፑ አነበብክ። ከዚያ እየሳቅክ ወርደህ ‹ጋበዘኝ› አልክ።»

የሆነ ሰው ወንበሩን ከሙሽራው አራቀ።

«ለምን?» አለች ሙሽራዋ፤ ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«መቀስ የሠራበትን ሰርግ ሁሉ በቪዲዮ ያስቀምጣል። ከአራት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ በሠራው ሰርግ ላይ የሚጨፍረው ሙሽራ ይሄው ነው። ዛሬ ጠዋት የዚያን ከተማ መዝገብ ቤት ጠይቄያለሁ፤ ጋብቻው አልፈረሰም። የሦስት ዓመት ልጅም አላቸው። ‹የት ነው የማውቅህ?› ያለው ሰው ቀስ ብሎ እንደሚያስታውሰው ለዚህ ሙሽራ ገባው።»

ሙሽራው ክራቫቱን አስተካከለ። «ጥሩ ተረት ነው። አግብቼ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ በሕጉ እጠየቃለሁ። በኋለኛው ደረጃ ስወጣ ስወርድ ግን ማን አየኝ? አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

«እውነቱን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ረጋ ብላ። «የእኔ ስሌት ለመጠርጠር ይበቃል፤ ለመፍረድ ላይበቃ ይችላል። ያየ ሰው ዝም ካለ ይሄ ሰው ሊያመልጥ፣ ቀጭኔ ሊከሰስ ይችላል። እትዬ፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ዘፈን ለምን ነጥብ አልሰጡም?»

«ኬክ ልቀምስ ሄጄ ነዋ!»

«ወጥ ቤት በር ላይ። ኃላፊው ሳህኑን ያቀበለዎት እዚያ ነው። ከበሩ ትይዩ ያለው የኋለኛው ደረጃ ነው።»

እናትየው ክሬም የደረቀበትን ጣታቸውን በናፕኪን ፈተጉ፤ ደጋግመው ፈተጉ።

«እማዬ» አለች ልጃቸው። «አይተሽዋል?»

«ስድስት መቶ ሰው ጠርቻለሁ፣ የኔ ልጅ። ካርዱ ተበትኗል። ሰው ምን ይለናል? ደግሞ እኮ ምን እንዳደረገ አላወቅኩም፤ ላብ አጥምቆት እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሲወርድ ብቻ ነው... ‹ለማንም እንዳይነግሩ እማዬ፣ ሰርፕራይዝ ነው› አለኝ።»

«ሬሳው ሲገኝስ?» አለች ልጅቷ።

እናትየው ናፕኪኑን አጥፈው ዘረጉት።

«ሬሳው ሲገኝ ዐወቅሽ። ዐውቀሽ ቁጭ ብለሽ ኬክ በላሽ። እኔን ለእሱ ልትድሪ፣ ይሄን ልጅ ልታሳስሪ» አለች ወደ ቀጭኔ እያመለከተች። «እሱስ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ተለይቶለታል። የሚያስመልሰኝ ያንቺ ነው፣ እማዬ።»

ሙሽራው ወደ እናትየው ጎንበስ አለ። «እማዬ፣ በደንብ ያላዩትን ነገር ይመሰክራሉ እንዴ? ደግሞስ ያዩት ጥላ ቢሆንስ?»

ሽቶው ደረሰባቸው። ፊታቸውን አዞሩ፤ ያዞሩት ግን ወደ ልጃቸው ነው። ልጅቷ ልታያቸው አልፈለገችም፤ ግድግዳውን ታያለች። እናትየው ናፕኪኑን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ።

«ከፈረምኩ ፍርድ ቤትም እቀርባለሁ?» አሉ ለኢንስፔክተሯ።

«ይቀርባሉ። እሱ ፊት። ዝም ብለው የቆዩበትንም ይጠየቃሉ።»

«ጋዜጣ ላይ ይወጣል?»

«ሊወጣ ይችላል።»

ኢንስፔክተሯ አላቻኮለቻቸውም፤ ቃል መስጫ ወረቀቱን ብቻ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። ሁለቱ ፖሊሶች ከሙሽራው ኋላ ቆሙ።

«እሺ» አሉ እናትየው በመጨረሻ፣ እስክሪብቶውን እያነሡ። «አየሁ ብዬ እፈርማለሁ። የካርዱንም ነገር እኔው ራሴ ስድስት መቶ ቤት እየደወልኩ፣ ሰርግ የለም፣ የቀረውም በዚህ በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ።»