ስድስት ባዶ ካፕሱል

ኦቦ ጀቤሳ ከእንጨት ደረጃው ግርጌ ተንጋለው ተገኙ። አንገታቸው ተሰብሯል። የኮታቸው ግራ እጅጌ ከትከሻው ተተርትሯል። ቀኝ እግራቸው በጨርቅ ታስሯል። ኢንስፔክተር ቀንዓ ጨርቁን ፈታ። የመጥረቢያ ቁስል ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። መልሶ አሰረው።

ከጊንጪ ወጣ ባለችው በዚያች የመንገድ ዳር መንደር ፍርዱ በግማሽ ቀን አልቆ ነበር። የገደላቸው የጉንፋን መድኃኒት ነው፤ የሰጠቻቸው ነርስ ድንቅቱ ናት። የሟቹ ልጅ መምህር ኢብሳ ከሰሳት፤ ታሰረች። ሰው ከጤና ጣቢያ የወሰደውን ክኒን ሁሉ ቦይ ውስጥ ይጥል ጀመር። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን የያዘች እናት እንኳ ከበሩ ተመልሳ ሄደች።

ቀንዓ መጀመሪያ ድንቅቱን አነጋገረ። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

«ለምን ሰጠሻቸው?»

«ሰባ ዓመታቸው ነው፣ አስም አለባቸው፣ ትኩሳቱ ከጀመራቸው ገና አንድ ቀኑ ነበር። መድኃኒቱ ሕመሙን ቢያሳጥር አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ያስታውካል። አልፎ አልፎ ያቃዣል ይባላል፣ ይበልጡን ልጆችን። ለጎረምሳ ቢሆን አልሰጥም ነበር። ለእሳቸው ደረት ግን መዘንኩና ሰጠሁ። ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ። ሳላውቅ መኖር አልችልም።»

«ስትሰጪያቸው ምን አልሽ?»

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ አምስት ቀን።»

ኢብሳ ቃሉን ሳይደናቀፍ ሰጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ በእጁ በውሃ እንዳዋጣቸው፣ በአራተኛው ቀን ማለዳ መቃዠት፣ የባሕርይ ለውጥና ራስን የመጉዳት ምልክት እንዳየባቸው፣ ከዚያ ከደረጃው ራሳቸውን እንደወረወሩ ተናገረ። ቀንዓ ከመድኃኒቱ ፓኮ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ሦስቱ ነገሮች በዚያው ቅደም ተከተል ተጽፈዋል።

«እናትህም ‹የባሕርይ ለውጥ› ነው የሚሉት?» አለው።

የኢብሳ እናት አዴ ወርቂቱ ባላቸው ክኒን የሚባል እንደማይወዱ ተናገሩ። «ይቺን ግን ወደዋት ነበር። ‹ድንቅቱ ጎበዝ ናት፣ ሳልነግራት እግሬን አየችልኝ› ብለው ሳቁ።»

ቀንዓ ከሟቹ አልጋ ራስጌ አንድ የክብሪት ቀፎ አነሳ። ከፍቶ ቆጠረና ኪሱ ከተተው። ታች ቤት የተከራየው ልብስ ሰፊ ሞሲሳ ደግሞ በዚያ ማለዳ ኦቦ ጀቤሳ «ሂንዴሙ፣ ሂንዴሙ» እያሉ ሲጮኹ ሰምቷል። ቅዠት መስሎት ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

በማግስቱ ድንቅቱን አስመጥቶ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። የክብሪት ቀፎውን አግዳሚው ላይ ገለበጠ። ስድስት ካፕሱል፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ግራጫ፣ ሁሉም በሥርዓት ተከፍቶ ውስጡ ባዶ ነው።

«የሦስት ቀን መድኃኒት» አለ ቀንዓ። «የተዋጠ ካፕሱል ቀፎው አይቀርም። እዚህ አገር ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስ ያላየ ማን አለ? ኦቦ ጀቤሳም የእግራቸው መድኃኒት መስሏቸው ነሰነሱት። እግራቸው ላይ የጋገረው እሱ ነው። አንድም አልዋጡም። ያልዋጡት መድኃኒት አያቃዣቸውም። ታዲያ በእጄ አዋጥኳቸው ያለው ሰው ለምን ዋሸ?»

ሁሉም ወደ ኢብሳ ዞረ።

«ሂንዴሙ ቅዠት አይደለም። አልሄድም ማለት ነው። አልሄድም የሚል ሰው የሚጎትተው አለ። እጅጌያቸው የተተረተረው ሲጎተቱ ነው። ወዴት ነበር የምትወስዳቸው ኢብሳ?»

«አምቦ» አለ ኢብሳ፣ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ። «ደረታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አደረ። ላሳክማቸው ነበር። እምቢ አሉኝ፣ ጎተትኩ፣ እጅጌው እጄ ላይ ተተረተረና ወደቁ። አባቴን ገደልኩ ከምል ... ወረቀቱን አነበብኩ።»

አዴ ወርቂቱ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ፖሊሱ ኢብሳን ይዞት ሲወጣ ሴትዮዋ ወደ ድንቅቱ ዞሩ።

«ቢውጡት ኖሮ ይሻላቸው ነበር?»

«አላውቅም፣ አዴ። ምናልባት።»

ቀንዓ ነፃ መሆኗን ነገራት። ከቦታዋ አልተነሳችም። ባዶዎቹን ካፕሱሎች አንድ በአንድ ለቅማ መዳፏ ላይ አደረገች።

«‹ይዋጡት› አላልኳቸውም» አለች።