በቦምቤ መንገድ ላይ የጎማ ካልሲ

እውነቱን ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ሹፌር ስለሆንኩ ደግሞ የማልሰማው አልነበረም፣ አንዱ ድልድይ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አሳፍሬ መሃል መንገድ ላይ አጣኋት ይላል፣ ሌላው መኪናዬ ያለ ነዳጅ ሃያ ኪሎ ሜትር ወሰደኝ ይላል፣ እኔ ግን እንቅልፍ ያጣ ሹፌር የማያየው ነገር የለም ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን የምነግርህን ባታምነኝ አልቀየምህም፣ ከሌላ ሰው ብሰማው እኔም አላምንም ነበር፣ ግን ነገሩ የሆነው በቀን ነው፣ ደመና ቢሆንም ቀን ነው፣ ጫት አልቅምም፣ የዚያን ዕለት ደግሞ ከውሃ ሌላ በአፌ የዞረ ነገር አልነበረም።

ጊዜው ሞባይል ገና ወላይታ ሶዶ ያልደረሰበት ነው። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፣ ሶዶ የገባሁት በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ሹፌር ሆኜ ተቀጥሬ ነው፣ ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ነበር የመጣነው፣ በሁለተኛው ዓመት ታመመችና ሞተችብኝ። ልጅ አልነበረንም። ዘመዶቼ ተመለስ ቢሉኝም እዚያው ቀረሁ፣ ለምን እንደቀረሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ወላይትኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር፣ የቢሮ ሰዎች እኔን ሲያገኙ በአማርኛ ያወሩኛል፣ ክፉዎች አልነበሩም፣ ከሥራ ስንወጣ ግን በራሳቸው ቋንቋ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ እኔ ደግሞ የተከራየኋት ክፍል በር ላይ ወንበር አውጥቼ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲወርድና ሲነሳ እያየሁ አመሻለሁ። አንዳንዴ ከዓርብ እስከ ሰኞ ድምፄን ራሴም ሳልሰማው ይቀራል፣ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ፈረንጅ ነበር፣ ስልሳን ያለፈ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ እሱም ብቻውን ይኖር ስለነበር ነው መሰለኝ ተግባብተናል፣ መንገድ ስንሄድ ሁለታችንም ዝም ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የተጠቀለለ ከረጢት ሰጠኝ፣ ስከፍተው ሁለት ትልልቅ ነጭ ጨርቆች ናቸው፣ ጠርዛቸው ላስቲክ አለው፣ ለግዙፍ ሰው የተሰፋ የራስ ቆብ ይመስላሉ። በአገሩ በክረምት መንገዱ በረዶ ሲሆን ጎማ ላይ የሚለበስ ነው አለኝ፣ ጨርቁ በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ መኪናው አይንሸራተትም። ግቢው ውስጥ አሳየኝ፣ መጀመሪያ ከላይ ጎማው ላይ ታጠልቀዋለህ፣ መሬት የነካው በኩል ግን አይገባም፣ ስለዚህ መኪናውን ግማሽ ዙር ያህል ታንቀሳቅስና ወርደህ የቀረውን ጎትተህ ታለብሳለህ። ባልደረቦቼ እስኪደክማቸው ሳቁ፣ ‘የጎማ ካልሲ’ የሚል ስም አወጡለት፣ እኔም ከወንበሩ ጀርባ ወሽቄው ረሳሁት፣ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠ።

እንግዲህ ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የቧንቧ ዕቃ ቦምቤ ከተማ አድርሼ ወደ ሶዶ ብቻዬን እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ተሰብስቧል፣ እኔን የሚጠብቀኝ የለም፣ ስለዚህ አልቸኮልኩም። ጉኑኖ ከመድረሴ በፊት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ጀመረ፣ መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል፣ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ የመኪናውን ጣራ ሲደበድበው ጆሮዬን በእጄ ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወረደና እንደ ተቆረጠ ነገር ቀጥ አለ። አካባቢው ሁሉ ነጭ ነው፣ መንገዱ፣ ማሳው፣ የሣር ቤቶቹ ጣራ፣ የእንሰቱ ቅጠል ተተልትሎ ተንጠልጥሏል፣ ወፍ የለም፣ ሰው የለም፣ ውሻ እንኳን አይጮህም። ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ሞተሩን አስነስቼ ትንሽ ስነካው መኪናው በጎን ተንሸራተተ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳብኩ፣ መኪናው ግን ዝም ብሎ በዝግታ ወደ ቦዩ መሄዱን ቀጠለ፣ ከቦዩ ማዶ ገደል ነው። አንድ ክንድ ሲቀረው በራሱ ቆመ።

ዘልዬ ወርጄ ድንጋይ አስደገፍኩት፣ ያኔ ነው ካልሲው ትዝ ያለኝ። ከረጢቱን አወጣሁ፣ በግራ የኋላ ጎማ ላይ ከላይ አጠለቅኩ፣ ዞሬ በቀኙም ላይ አጠለቅኩ፣ ሁለቱም እስከ ግማሽ ብቻ ገቡ፣ እጄ ደንዝዟል። ድንጋዩን አንስቼ ገባሁ፣ በአንደኛ ማርሽ አንድ እርምጃ ያህል ወደፊት ነካሁትና ቆምኩ፣ የቀረውን ልጎትት ወረድኩ። በግራ በኩል ያለው ሙሉ በሙሉ ለብሷል። ሲሽከረከር በራሱ ገብቶ ይሆናል አልኩ፣ ደስም አለኝ። ዞሬ ቀኙን ሳየው ግን እሱም ለብሷል፣ ለብሷል ብቻ አይደለም፣ ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጨርቁ አንድ ሽብሽብ ሳይኖረው፣ አልጋ ላይ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ተስተካክሏል። መሬቱን አየሁ፣ በረዶው ላይ የሰው ዱካ አለ፣ ጎንበስ ብዬ በጫማዬ ለካሁት፣ የእኔው ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ምን አደረግሁ መሰለህ፣ ምንም። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንደዚያ ተቀምጬ ሳለ ከኋላ የመኪናው አካል ላይ ሁለቴ ተንኳኳ። ሹፌር ሁሉ ይሄን ያውቃል፣ ሁለቴ ከመታህ ሂድ ማለት ነው፣ አንዴ ከመታህ ቁም ማለት ነው። ከኋላ ባዶ ነበር፣ የቧንቧውን ዕቃ ቦምቤ አራግፌያለሁ። በስፖኪዮው አየሁ፣ ማንም የለም፣ እግሬ ግን ነዳጁን ረገጠ፣ አላዘዝኩትም፣ እመነኝ።

ጨርቁ እንደተባለውም ይዞ ሄደ። አንድ ነገር ግን ፈረንጁ አልነገረኝም፣ ጎማ ጨርቅ ሲለብስ ድምፅ የለውም። ሞተሩን ዝቅ አድርጌ ስወርድ መኪናው እንደ ሕልም ነው የሚንሳፈፈው፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከቀኝ በኩል፣ ከጎኔ፣ በረዶ ሲረገጥ ተሰማኝ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ የአንድ ሰው እርምጃ ነው፣ ቀስ ስል ቀስ ይላል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። መስታወቱን ዝቅ አደረግሁ፣ ብርዱ ብቻ ገባ። እርምጃው አልቆመም። ልሸሽ እችል ነበር፣ ግን አልሸሸሁም፣ ደግሞ ልንገርህ፣ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፣ ከጎኔ ሰው ሲሄድ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ።

ከዚያ አንዴ ተንኳኳ።

ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናው ሳይንሸራተት ቀጥ አለ። ፊት ለፊቴ መንገዱ ነጭና ለጥ ያለ ነው፣ ምንም የሚያስቆም ነገር አላየሁም። ወርጄ ጥቂት እርምጃ ሄጄ ድንጋይ ወረወርኩ፣ ድንጋዩ በረዶውን በስቶ ውሃ ውስጥ ሰጠመ። ጎርፍ ከመንገዱ ሥር ያለውን የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ ጠርጎ ወስዶታል፣ መንገዱ ተቆርጦ ጉድጓድ ሆኗል፣ በረዶው ደግሞ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ መሬት አስመስሎታል። ከመኪናው አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ዙሪያዬን ሳላይ፣ ጮክ ብዬ፣ “አመሰግናለሁ” አልኩ።

መኪናውን ወደኋላ መልሼ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ጭስ ወደሚታይበት ቤት ሄድኩ፣ እማማ አልማዝ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አማርኛቸው ገበያ ላይ የለመዱት ነው፣ ወንድና ሴቱን፣ አንተና አንቱውን ያቀላቅሉታል። በሩ አጠገብ አስቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬና ትኩስ ወተት ሰጡኝና በረዶው የጨፈጨፈውን እንሰት ሊያዩ ወደ ጓሮ ወጡ። ትንሽ ቆይተው አጥሩ ጥግ ሆነው ጠሩኝ።

“ጓደኛህ ለምን አትገባም? ብርድ ላይ ቆሟል እኮ።”

ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። እኔንና ባዶውን ግቢ ተራ በተራ አዩ፣ በጓሮ በር ገቡ፣ ሁለተኛ ጣሳ ወተት ቀድተው በረንዳው ላይ አስቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ ስለ እንሰታቸው ብቻ ነው ያወሩት። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ጣሳው ባዶ ነበር፣ ውሻ ጠጥቶት ይሆናል። ካልሲዎቹን በእጄ አወለቅኩ፣ በሌላ መንገድ ዞሬ ሶዶ ገባሁ።

ለፈረንጁ ደብዳቤ ጻፍኩለት፣ ካልሲው ጠቀመኝ ብዬ ብቻ ነው፣ ሌላውን አላነሳሁም። በሕይወት አለ፣ መልስ ላከልኝ፣ በጣም ደስ ብሎታል፣ እጅ በብርድ ሲደነዝዝ ሁለተኛው ጉተታ ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ ማን አገዘህ ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሦስት ወር በኋላ አላስችል ሲለኝ ስኳርና ነጠላ ገዝቼ እማማ አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። የዚያን ዕለት አልጠየቅኳቸውም ነበር፣ ያኔ ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው፣ መልሱን ፈርቼ። ተቀምጠን ብዙ ከተጫወትን በኋላ፣ እማማ፣ ያን ቀን ያዩት ሰው ምን ይመስላል፣ ወንድ ነው ሴት አልኳቸው።

ነጠላውን ጉልበታቸው ላይ እያጠፉ አሰቡ።

“ፊቱን መች አየሁ” አሉኝ። “እኔ ከኋላ ነኝ፣ ወደኔ አልዞረችም። አንተ ስትበላ ቆሞ አንተን ያያል፣ አንተን ብቻ። ጠዋትም እንደዛ፣ አንተ ያን ጨርቅ ስታወልቅ ዝም ብላ ቆመች፣ ከዛ መኪና አብሮህ ገባ።”

አብሮኝ ገባ። ያን ጠዋት ሶዶ ድረስ በዝግታ ነው የነዳሁት፣ ቢሮ ደርሼ መኪናውን አቆምኩ፣ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠሁ፣ በእግሬ ወደ ክፍሌ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። የት እንደወረደ አላውቅም። መውረዱንም አላውቅም።