የተረሳው ብስክሌት

«ሐኪሟ ስለ ራስ ምታቴ ከጠየቀችሽ ምንም አላየሁም በይ። እሺ ሚጣ?» አለቻት እናቷ፣ የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብላ።

«እሺ።»

«እሺ ብቻ? ፊትሽን ደግሞ ትንሽ ፍቺው። ለቅሶ የመጣሽ ነው የምትመስይው።»

ሚጣ ፊቷን ለመፍታት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከቅዳሜ ወዲህ ምንም ነገር አይሰማትም። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ትተኛለች፣ በቃ። ትናንት በሒሳብ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጥታ ጓደኞቿ ሲጨፍሩላት እንኳ፣ ለሌላ ሰው የሚጨፈር ይመስል ዝም ብላ ቆማ ነበር።

እናቷ እንደ ሌሎች እናቶች አይደለችም። ሌሎች እናቶች ሲደክማቸው ይቀመጣሉ። እሷ ግን ሐይቅ ዋኝታ ትወጣና ብስክሌት ላይ ትፈናጠጣለች፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር የሞላበትን ዳገትና ቁልቁለት ስትጨርስ ደግሞ ጫካውን በሩጫ ታቋርጣለች። ይህን ሁሉ ወዳና ፈቅዳ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም! ሦስት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆናለች። ባለፈው ውድድር ቁልቁለቱ ላይ ከብስክሌቷ ተወርውራ በጭንቅላቷ ወደቀች፤ ሄልሜቷ ተሰነጠቀ። እሷ እቴ! ብድግ ብላ አንደኛ ወጣች። ጭቃ የለበሰ ፊቷ ጋዜጣ ላይ ታየ፤ ሰው ሁሉ «ብረት ናት» አለ። አሁን የዓለም ሻምፒዮና ደርሷል። በእናቷ ዕድሜ ሌላ ዕድል አይኖርም፤ የዛሬዋ ሐኪም ካልፈቀደች ደግሞ ይሄኛውም የለም።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሚጣ እንደ ሁልጊዜው ሐይቁ ዳር ዕቃውን በተራ ደረደረች። መጀመሪያ ሄልሜትና የብስክሌት ጫማ፣ ቀጥሎ የሩጫ ጫማ። ይህ ከልጅነቷ ጀምሮ የእሷ ሥራ ነው። እናቷ ከውሃው ወጣች፣ የሩጫ ጫማዋን አጠለቀች፣ በብስክሌቷ አጠገብ አልፋ ወደ ጫካው ሮጠች።

አሰልጣኙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኧረ ተመለሺ! ብስክሌቱ ነው ያኮረፈሽ ወይስ አንቺ ነሽ ያኮረፍሽው?»

እናቷም እየሳቀች ተመለሰች። «ዛሬ በቅናሽ ልጨርስ ብዬ ነዋ!»

ሚጣ አልሳቀችም። የእናቷን ዓይን አይታዋለች፤ ብስክሌቱን የምታየው የማን እንደሆነ ለማወቅ በሚሞክር ሰው ዓይን ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ዕቃውን ሰበሰበች። ውስጧ የደነዘዘው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሟ በሩን ከፍታ አስገባቻቸው። እናቷን በአንድ እግር አቆመቻት፣ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን አበራች፣ ጠየቀቻት። እናቷ ሁሉንም ቀልጠፍ ብላ መለሰች። ራስ ምታት? የለም። እንቅልፍ? እንደ ሕፃን።

«ሁለተኛ በጭንቅላቷ ብትወድቅ እንደ መጀመሪያው አይቀልላትም» አለች ሐኪሟ ወደ ሚጣ ዞራ። «ቤት ውስጥ አብረሻት ያለሽው አንቺ ነሽ። የተለየ ነገር አይተሻል?»

እናቷ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ጫን አደረገቻት። ሚጣ አልፈራችም፣ እንባም አልመጣትም። ዝም ብትል እናቷ ትደሰታለች፤ ብትናገር ምናልባት ለብዙ ጊዜ ታኮርፋታለች። ሁለቱንም አሰበቻቸው፤ ሁለቱም የሰው ጉዳይ መሰሏት።

«እማ፣ የቅዳሜውን አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ?»

«የቅዳሜውን? ምኑን?»

እናቷ ስትቀልድ ግራ ዓይኗን ጠቀስ ታደርጋለች። ሚጣ ጥቅሻውን ጠበቀች። ሐኪሟም ሁለቱን እያየች ጠበቀች። እናቷ ግን እየቀለደች አልነበረም። የምሯን ነው የጠየቀችው፤ ቅዳሜ የሚባለው ቀን፣ ከነሐይቁ ከነአሰልጣኙ ሳቅ፣ ከእሷ ዘንድ የለም።

ያኔ ሚጣን ደረቷ ላይ አመማት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። የእናቷን እጅ ያዘችና ወንበሯን ወደ ሐኪሟ አስጠጋች።

«ከውሃው ስትወጣ» አለች፣ «ዕቃውን በተራ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩላት።»