ከአሰግድ ሳሎን የተሰማው ድምፅ

ሟቹ በገዛ ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ በቀኝ እጁ ቀጭን ሽቦ እንደ ጨበጠ ተኝቷል። ኢንስፔክተር ሰይፉ ከባጃጅ ወርዶ ወደ ግቢው ሲገባ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ፀሐይዋ ወደ ቆላው አዘቅዝቃለች፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ንቅንቅ አላለም። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገው ኢንስፔክተር በሦስት ዓመት ቆይታው ይህን አየር መልመድ አልሆነለትም። ላቡን በመሐረቡ እየጠረገ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ።

ሟቹ አሰግድ አየለ ይባላል። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ትዳር ስላልያዘ፣ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ከሆናቸው ከአባቱ ከአቶ አየለና ከታናሽ ወንድሙ ከትንሣኤ ጋር በዚሁ አስፋልት ዳር ባለ ቤት ይኖር ነበር። ሰይፉ የሟቹን አንገት ቀና ቢያደርገው ከማጅራቱ በላይ የተሰነጠቀ ቁስል አየ። ከሳሎኑ ወደ ጓዳ በሚያሳልፈው የሲሚንቶ ደረጃ ጠርዝ ላይም የደረቀ ደም አለ።

ሽቦውን ከጣቶቹ አላቆ ወደ ብርሃኑ አቀረበው። የፕላስቲክ ልባሱ ተቃጥሎ ጥላሸት ለብሷል። የሟቹ መዳፍ ግን ንጹሕ ነው። ወለሉ እዚህም እዚያም ረጥቦ ነበር፤ በዚህ አገር ሰው ሁሉ ሙቀቱን ለማብረድ ወለሉን ውሃ ስለሚያርከፈክፍ ይህ ማንንም አላስገረመም። ሬሳውን ለማንሳት የመጡት ሰዎች ሟቹን ቀና ሲያደርጉት ሰይፉ እጁን ወደ ጀርባው ሰደደ። የሸሚዙ ጠርዝ እርጥብ ነው፤ መሐሉ ደረቅ።

ቀጥሎ ሳሎኑን ቃኘ። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች በጆሮ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ አነስተኛ አምፕሊፋየርና የዲቪዲ ማጫወቻ አለ። በማዕዘኑ በኩል ፊቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ የጉልበት ቁመት ያለው ሳጥን ተቀምጧል። ሰይፉ ጨርቁን በመዳፉ ቢጫነው ወደ ውስጥ ሰረጎደለት። ሳጥኑን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ አየውና መልሶ አኖረው።

ትንሣኤ በረንዳው ላይ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል። የቤትና የመኪና ደላላ ነው።

«ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» አለው ሰይፉ።

«ምሳ አብረን በላን፤ ከዚያ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ ሳልፍ በሩ ላይ ቆም ብዬ ነበር። ያ ዎፈር የሚሉት ነገር የአጥሩን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል። ድብደባው እዚህ፣ ደረቴ ድረስ ነው የተሰማኝ። ደስ ይበለው ብዬ ሳልገባ ሄድኩ።»

«ወዴት?»

«ጀውሃ። አንድ የጭነት መኪና ላሻሽጥ ቀጠሮ ነበረኝ። የሚመሰክርልኝ ሞልቷል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት፤ አባባ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም ነበር። ሶኬቱን ነቅዬ ኡኡ አልኩ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ሽቦውን የዘረጋው ሳልህ ነው። የሥራው ውጤት ይኸው!»

አቶ አየለ አንገታቸውን ወደ ትንሣኤ ድምፅ አዞሩ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳልህ በዚያው ምሽት ታሰረ። ዐቃቤ ሕጉ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ብሎ በሦስተኛው ቀን ክስ ሊመሠርትበት ወሰነ። ሳልህ በታሰረ በማግስቱ ጠዋት ሰይፉ ወደ ጣቢያው ሲደርስ የሳልህ ሚስት ሐጂራ የምግብ ሳህኗን በነጠላ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ድሃ ሽቦ ከነካ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ አይደል ጌታው?» አለችው። «ይህን ከተማ በሙሉ መብራት ያስገባለት እሱ ነው። እስካሁን ስንት ሰው ሞተበት?»

«አንድም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

ሰይፉ አልፏት ገባ። ሳልህ የእስር ክፍሉን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ጋሼ ኢንስፔክተር፣ ወላሂ እኔ የተወሁት ሽቦ ሰው አይገድልም። በእጁ ነበር የሚሉት ቀጭኑ ነው?»

«ቀጭኑ። ጥቁርና ቀይ።»

«እሱማ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ነው! ድምፅ ነው የሚያልፍበት። ቢነኩት እንኳ ቢያኮረኩርዎት ነው። የሚገድለው ከግድግዳው የሚመጣው ወፍራሙ ነበር።»

«ከቤቱ ስትወጣ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት ተኩል። ሁለቱን ስፒከሮች ለአንድ አፍታ ሞከርናቸው፤ ከዚያ አሰግድ ራሱ ሶኬቱን ነቀለው። ለምን አልኩት። ‹አባባ የዐቢይ ጾም ቅዳሴ ላይ ነው። እሱ ሳይመጣ አልከፍተውም፤ መጀመሪያ እሱ ነው የሚሰማው› አለኝ።» ሳልህ ራሱን ነቀነቀ። «ስምንት ወር ያጠራቀመበትን ነገር አንዲት ዘፈን እንኳ አልሰማበትም። አላህ ይርሐመው።»

ከቀብሩ መልስ ሰይፉ ወደ ሮማን ሱቅ ተሻገረ። ሮማን ከአሰግድ ቤት ፊት ለፊት ራዲዮ፣ ቴፕና ስፒከር የምትሸጥ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ባለፈው ወር ከአሰግድ ጋር ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ መጣላቷን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ተጣላሁ፤ አልክድም» አለች። «አምስት ስፒከር ከነዎፈሩ አንድ ላይ የታሸገ ሰጠሁት። ርካሽ ነው፤ ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው። በሦስተኛው ቀን ተሸክሞት መጣ። ‹ሮማን፣ ይኼ ነጎድጓድ ነው። አባቴ ምን አሉ፣ ምን አሉ እያለኝ ፊልሙ አለቀ› አለኝ፤ ደንበኞቼ ፊት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በየቀኑ እየመጣ ያደርቀኝ ጀመር። ዓይኑን በመሐረብ አስሮ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ‹ዜና ክፈቺልኝ› ይላል። አንዱን ስፒከር አስወልቆ ሌላውን ያስገጥመኛል። ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ግን ግድ የለውም። ‹ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም፤ አምስት የማይረባ ከምገዛ የሰው ቃል አጥርተው የሚያሰሙ ሁለት ይበቁኛል› አለ። በመጨረሻ እነዚያን ያገለገሉትን የእንጨት ስፒከሮች መረጠ። ጆሮ ነበረው፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ በሱቄ ውስጥ ከነሱ የተሻለ አልነበረም።»

ሰይፉ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አነሳ። ሳህን የምታህል ክብ የድምፅ ማውጫ በላስቲክ እንደ ተጠቀለለች ተቀምጣለች። ላዩዋ ላይ በእስክሪብቶ «የአሰግድ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህችስ?»

ሮማን ዞር ብላ አየቻት። «ዎፈሩ ናት፤ ያንን ደረት የሚመታ ወፍራም ድምፅ የምታወጣው። ‹ሳጥኑን አናጢው ሠርቶልኛል፣ እሷን ለሚያዝያ አቆዪልኝ› ብሎኝ ነበር።»

«ትንሣኤ ሲጮህ ቀድመሽ የደረስሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ውሃው ተኝቶበታል፤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። በዚህ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት የማይቆይ ውሃ!» ትንሽ አሰበችና ጎንበስ አለች። «ኢንስፔክተር፣ ከእኔ ሰማሁ አይበሉ እንጂ፣ ያንን ቤት አንድ የአዲስ አበባ ባለሀብት ለሆቴል ፈልጎታል። ደላላው ትንሣኤ ነው። አሰግድ ‹አባቴ ዳብሶ የሚያውቀው ቤት ይህ ብቻ ነው› ብሎ እምቢ አለ። ግድግዳውን በስቶ ስፒከር ሲሰቅል ደግሞ ነገሩ አበቃ። ሊሸጥ ያሰበ ሰው ግድግዳ አይበሳም።»

ሰይፉ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አቶ አየለን አገኛቸው። ከአጠገባቸው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ አሰግድ የገዛውን ዕቃ ነግሮዎት ነበር?»

«እኔ ዓይን የለኝም፣ ልጄ። ያላየሁትን አልናገርም።»

ሰይፉ ሽማግሌውን ተመለከታቸው። ልጃቸው ስምንት ወር አጠራቅሞ፣ ዓይኑን አስሮ የመረጠው ለእሳቸው ጆሮ ነው። ታዲያ ስለ ድምፅ የተጠየቀ ሰው ስለ ዓይኑ ለምን ይመልሳል?

በሠልስቱ ቀን ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሰይፉ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። አቶ አየለ በወንበራቸው ተቀመጡ፤ ትንሣኤ ከኋላቸው ቆመ። ሮማን አንድ ዕቃ በፌስታል ይዛለች። ሐጂራ በር ላይ ናት። ሳልህን እጁ በካቴና እንደ ታሰረ አንድ ፖሊስ አመጣው።

«ትንሣኤ፣ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰማኸውን እስኪ ድገምልን» አለ ሰይፉ።

«ስንት ጊዜ ልናገር? ሙዚቃ ነበር። ዎፈሩ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠው ነበር።»

«ከየትኛው ነው የወጣው?»

«ከዚያ ነዋ!» ወደ ጥቁሩ ሳጥን ጠቆመ።

ሰይፉ ሄዶ ሳጥኑን በአንድ እጁ አነሳው፤ ጨርቁን ቀደደ። ከጨርቁ በስተጀርባ ያለው ክብ ቀዳዳ ባዶ ነው። ሳጥኑን ሲገለብጠው የአናጢው ሰጋቱራ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሮማን ፌስታሉን ፈትታ ዎፈሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እህቴ ሮማን፣ ይህች ዕቃ ከሱቅሽ ወጥታ ታውቃለች?»

«ዛሬ ገና።»

«እንግዲያ . . . እንግዲያ ከተሰቀሉት ይሆናላ!» አለ ትንሣኤ። «እኔ የዕቃ ስም የት አውቃለሁ?»

«ይሆን ነበር፣ ሌላ ነገር ባይኖር» አለ ሰይፉ በዝግታ። «ነገር ግን አሰግድ አባቱ ሳይመጡ ላይከፍተው ሶኬቱን ነቅሎ ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህ ቤት ድምፅ አልወጣም። ሁለተኛው ሽቦው ነው። በሟቹ እጅ የተገኘው የድምፅ ሽቦ ነው፤ ሰው አይገድልም። ልባሱ ተቃጥሏል፣ መዳፉ ግን አልተነካም። በክብሪት ተለብልቦ በሞተ ሰው እጅ የተቀመጠ ሽቦ ነው። ሳልህ ሊያታልለን ቢፈልግ ወፍራሙን ይመርጥ ነበር። ይህን የሠራው የሽቦውን ዓይነት የማይለይ ሰው ነው።»

«ደላላ ሁሉ ሽቦ ይለያል ያለው ማን ነው?» አለች ሮማን ከአፏ አምልጧት።

«ሦስተኛው ውሃው ነው። ማንም በዚህ አገር ወለል ቢረጥብ አይጠይቅም፤ ገዳዩም የተማመነው በዚህ ነው። የሟቹ ጀርባ ግን መሐሉ ደረቅ ነበር። ውሃው የፈሰሰው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው። በዚህ ሙቀት ውሃ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፤ ሮማን ስትገባ ግን ጫማዋን ሞላው። እንግዲህ ውሃውን ያፈሰሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ የነበረ ሰው ነው። ያን ጊዜ ከሬሳው ጋር የነበርከው አንተ ብቻ ነህ፣ ትንሣኤ። ሳልህ ስምንት ተኩል ላይ ሲወጣ ገባህ፤ ተጣላችሁ፤ ገፋኸው። ከዚያ ሰው እንዲያይህ ጀውሃ ሄድክ። ተመልሰህ ሽቦውን ለበለብክ፣ ውሃውን አፈሰስክ።»

ትንሣኤ በሩን ቢመለከት ሐጂራ አልተነቃነቀችም።

«ለመግደል አልነበረም!» ብሎ ፈነዳ። «ስፒከሩን ሰቅሎ ይስቃል! ‹አባባ ከዚህ ቤት የሚወጣው ወደ መቃብሩ ነው፤ ለሰውየህ ንገረው› አለኝ። ገፋሁት፤ ጠርዙ መታው። ወዲያው ነው የሞተው!»

«ወዲያው አልሞተም» አለ ሰይፉ። «ሐኪሙ አይቶታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተንፍሷል። ጀውሃ ሻይ ስትጠጣ ወንድምህ እዚህ ወለል ላይ ሕያው ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሳልህ እጅ ፈትቶ ለትንሣኤ አጠለቀለት። በአባቱ ፊት ሲያልፍ «አባባ» አለ፤ ሽማግሌው ፊታቸውን አላዞሩም።

ሰይፉ ከወንበራቸው አጠገብ በርከክ አለ። «አባቴ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«ያን ዕለት ማታ፣ በረንዳው ላይ፣ ዎፈሩ ደረቴን መታኝ ሲልህ አወቅሁ» አሉ። «ሳጥኑን አናጢው ያመጣ ቀን አሰግድ እጄን ይዞ ባዶነቱን አስዳስሶኛል። ‹ቀስ ብለን እንሞላዋለን አባባ› አለኝ። አንዱ ከሞተ አንዱ ይቅረኝ ብዬ በሆዴ ያዝኩት። የሰው ልጅ በእኔ ዝምታ ታስሮ ማደሩን እያወቅሁ እህል በላሁ።» አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ሳልህ አለህ?»

«አለሁ።»

«ይቅር በለኝ ማለት አልችልም፤ አፌ አይገባውም።»

ሳልህ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሐጂራ ክንዱን ያዘችው። «ሦስት ቀን ሙሉ በደጅዎ ሳልፍ ሰላም ብዬዎታለሁ» አለች። «ድምፄን ያውቁታል። መልሰውልኝም ነበር።» ባሏን ይዛው ወጣች። ሮማንም ዎፈሩን በጠረጴዛው ላይ ትታ እያለቀሰች ተከተለቻቸው።

ሰይፉ ተነሣ። ፍትሕ ያደረሰ ሰው ልቡ ቀለል ይለዋል ይባላል፤ የእሱ አልቀለለም።

«ብቻዎን ልተውዎት አልችልም» አለ። «አብሮዎት የሚሆን ሰው ልጥራልዎት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ማንን?» አሉት።